ለጓደኛ በትንሽ ገንዘብ የሚገጠም የጌም ኮምፒውተር

በጠባብ በጀት ለጓደኛ የጌም ኮምፒውተር ሲገጠም የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርድ መዋል አለበት፤ የጨዋታውን ምስል የሚሠራው እሱ ነውና። የሚያዋጣው መንገድ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ዴስክቶፕ፣ ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። ችግሩ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። የቢሮ ማሽን ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ በብዙዎቹ ዴሎች ደግሞ መሰኪያው የኩባንያው የራሱ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ሌላ በቀላሉ አይተካውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚፈልገው 75 ዋት ስለሆነ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ኃይል ይበቃዋል። (ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ ዓይነቶችም ስላሉ ካርዱን አገላብጦ ማየት ነው።) ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭሩ ዓይነት ካርድ ይፈለጋል። ራም ላይ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፉ ፕሮሰሰሩ ብዙ አይጠብቅም። ኤስኤስዲ ጨዋታው ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ የምስሉን ፍጥነት እምብዛም አይጨምርም፤ ቢሆንም መግዛቱ ተገቢ ነው። ባለ ቀለም መብራት ፋን ግን ይቅር። ያገለገለ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ዋስትና ስለሌለው፣ ከማስረከብ በፊት ጓደኛው ባለበት ከባድ ጨዋታ ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍቶ ሙቀቱን መከታተል፣ ቢበላሽ ወጪው የማን እንደሚሆንም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።