የጀልባ ሞተር ሲቆራረጥ

በጣና ሐይቅ ሰውና ዕቃ በሞተር ጀልባ ይጓዛል። ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቢጠፋ ጀልባው ለነፋስና ለማዕበል ይጋለጣል። ስለዚህ ድምፁ ሲቆራረጥ «ግዴለም፣ ይስተካከላል» አትበሉ። ወደ ዳር ውጡ። ሞተሩን አጥፉ። ሲበርድ መርምሩት።

አንደኛ፦ የቤንዚን መያዣውን ክዳን እዩ። አየር ማስገቢያዋ ከተዘጋች ቤንዚን ወደ ሞተሩ በደንብ አይሄድም። ክፈቷት።

ሁለተኛ፦ ቤንዚኑን እዩ። ውሃ ገብቶበት ይሆናል። በምን ይታወቃል? ከመያዣው ሥር ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱ። አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ስለዚህ ውሃው ከታች ይተኛል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይሆናል። ውሃ ካያችሁ ቤንዚኑን ለውጡ። ፊልትሮውንም አጽዱ። የተበላሸውን ቤንዚን ሐይቁ ውስጥ አትድፉ፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

ሦስተኛ፦ ካንዴላውን ፍቱ። ጥቀርሻ ከያዘ ጥረጉት። ጫፉ ከተበላ በአዲስ ለውጡት።

ተጠንቀቁ! ሲጋራና ክብሪት አታቅርቡ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ወለል ላይ ይጠራቀማል። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ምርመራው ጠዋት፣ መንገደኛ ሳይሳፈር ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይህን ማንበብ ላልቻለ ጀልባ ነጂ አንብቡለት።