ዝገት በቀለም አይሸፈንም!

በሰፈራችን አሮጌ ቮልስና ላዳ የያዝን ብዙዎች ነን። ቸርኬው ሲዝግ ገሚሱ «ጣለውና ሌላ ግዛ» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ዝገቱ ላይ ቀለም ለቅልቆ እጁን ይታጠባል። ሁለቱንም እንቃወማለን! የፊተኛው ገንዘብ ያባክናል፤ የኋለኛው ሰው ያታልላል። ዝገቱ እንደሆነ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ብረቱን መብላቱን አይተውም።

ኧረ ለመሆኑ ሥራው ምን ይጠይቃል? የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፀረ ዝገትና ቀለም፣ የቀረው ጉልበት ነው። ጎሚስታው ጎማውን ካወለቀ በኋላ ጭቃውና ቅባቱ በሳሙና ይታጠብ፤ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፋቅ፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ፀረ ዝገቱ፣ ቀጥሎም ቀለሙ በስሱ እየደረቀ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ። ብሎን የሚያርፍበት ቦታ ግን ቀለም አይነካው፤ ቀለሙ ሲደቅ ብሎኑ ይላላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።

የተሰነጠቀ ወይም ዝገት በልቶ ያሳሳው ቸርኬ አይቀባም፤ ይጣላል። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ለጎረቤት መሸጥ ቁጠባ አይደለም፣ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ጎማው ሲወጣ የሚያገኘው በመንገዱ ዳር የሚጫወቱትን ልጆቻችንን ነውና ይታሰብበት!