ሲግናል ከመቀበል በፊት ማገድን እንማር

የሲስተም ፕሮግራሚንግ ትምህርት ሲግናል ከሚባለው ምዕራፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ለተማሪው አስቀድሞ የሚሰጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ኮንትሮልና ሲ ሲነኩ በፕሪንትኤፍ «ደኅና ሰንብቱ» ብሎ የሚያትም ተቀባይ ፈንክሽን ጻፍ። ተማሪውም ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ይሠራል፤ ማርኩም ይሰጠዋል። ስለ ሲግናል ስብስብ ግን የሚነገረው ጊዜ ከተረፈ ነው፤ ጊዜ ደግሞ መቼ ተርፎ ያውቃል! ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ።

ሲግናል ከከርነል ወይም ከሌላ ሂደት የሚመጣ ጥሪ ነው፤ ሲመጣም አያስፈቅድም። ፕሮግራሙ ሜሞሪ በመደልደል ላይ ቢሆን እንኳ ሥራውን መካከል ላይ አቋርጦ ወደ ተቀባዩ ፈንክሽን ይወስደዋል። ቤት እየተጠረገ ሳለ እንግዳ ሰተት ብሎ ቢገባ ባለቤቱ ያፍር እንደሆነ ነው እንጂ ቤቱ አይፈርስም፤ እዚህ ግን በከፊል የተሠራው ይፈርሳል።

በሩን የምንዘጋበት መሣሪያ የሲግናል ስብስብ ነው። ስብስቡ ለየሲግናሉ አንድ አንድ ቢት የያዘ ረድፍ ነው። በሲግኢምፕቲሴት ባዶ ይደረጋል፤ በሲግአድሴት ይጨመርበታል፤ በሲግፕሮክማስክ ለከርነሉ ይሰጣል። ባዶ ሳያደርጉ የሚጨምሩ አሉ፤ በውስጡ የቀረው ትራፊ ምን እንደሚያግድ ማን ያውቃል? ሲግኪልና ሲግስቶፕ ከቶ አይታገዱም። ሌላው ሲግናል ቢታገድ እስኪከፈትለት ይጠብቃል፤ ሆኖም ተራ ሲግናል በቁጥር አይደረደርም። ሲግቻይልድ ታግዶ ሳለ ሦስት ጊዜ ቢመጣ የሚደርሰው አንድ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው በየጥሪው አንድ ልጅ ሂደት ብቻ እየሰበሰበ የቀሩትን ዞምቢ ያደርጋቸዋል።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉን መክፈት አይገባም። ቀድሞ የነበረውን ስብስብ አስቀምጦ ያንኑ መመለስ ነው፤ የጠራን ፈንክሽን ራሱ ያገደው ሊኖር ይችላልና።

ይህ ሥርዐት እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በጥንቱ ዩኒክስ ተቀባዩ አንድ ጊዜ ከተጠራ በኋላ ሲግናሉ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለስ ስለ ነበር፣ ሁለተኛው ፈጥኖ ከደረሰ ፕሮግራሙን ሊገድለው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ እገዳን በአንድ ኢንቲጀር ቢት አመጣ፤ በ1988 የወጣው ፖዚክስ ስብስቡን ራሱን የቻለ ዓይነት አደረገው።

አንዳንድ መምህራን «ይህ ለጀማሪ ይከብዳል» ይላሉ። ክብደቱን አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ላይ የተገለጸውን ጉድለት እንመልከት። በ2006 ታርሞ የነበረው ስሕተት በ2020 በተደረገ የኮድ ለውጥ ተመልሶ ገባ። አንድ ሰው በ120 ሰኮንድ ውስጥ ገብቶ ካልጨረሰ ሲግአላርም ይመጣል፤ ተቀባዩም ሲስሎግን ይጠራ ነበር። ሲስሎግ ሜሞሪ ሊደለድል ይችላል፤ የተቋረጠውም ሥራ ሜሞሪ ድልድል ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተነሣ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ከሩቅ ሆኖ የሩትን ሥልጣን ሊይዝ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። በተቀባይ ውስጥ የሚጠራው ፕሪንትኤፍም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን እናስተምረዋለን!

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ እንዲህ ይሁን። ተማሪው ሲግኢንትን ያግድ፤ ረጅም ሥራ ይሥራ፤ በመካከሉ ኮንትሮልና ሲ ይንካ፤ መጠበቁን በሲግፔንዲንግ ይይ። ከዚያ በኋላ ባንዲራ ብቻ የሚያነሣ ተቀባይ ይጻፍና በሲግሰስፔንድ ይጠብቅ። እገዳውን አንሥቶ ፖዝን ቢጠራስ? ሲግናሉ በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ከደረሰ ፕሮግራሙ ያለፈውን ሲጠብቅ ተኝቶ ይቀራል፤ ሲግሰስፔንድ ግን መክፈቱንና መተኛቱን ሳይነጣጥል ይፈጽማል። ለፈተናም ይኸው ጥያቄ ይበቃል።