ጊዜያቸውን ወስደን «ጊዜ አጣችሁ» አንበላቸው

«የጽሞና ጊዜ ይኑራችሁ» የሚለው ስብከት ከመድረካችን ጠፍቶ አያውቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ለጌታ ጊዜ ያጣ ለማን ጊዜ አለው? ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ብዙዎችም አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ምክሩ አልተሳሳተም። ልብ ያለ ቃሉና ያለ ጸሎት ይጠወልጋል፤ ስልክ የሚበላው ሰዓትም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ስብከቱ እንዳበቃ ማስታወቂያው ይቀጥላል፦ ማክሰኞ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ረቡዕ የጾም ጸሎት፣ ሐሙስ የኮሚቴ ስብሰባ፣ ዐርብ አዳር፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ «ማንም እንዳይቀር»። ጊዜውን የወሰደውም፣ ጊዜ አጣችሁ ብሎ የሚወቅሰውም ያው መድረክ ነው።

ተወዳጆች ሆይ፣ ጊዜ ወድቆ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የአንዱ ሰዓት በሌላው እጅ ነው ያለው። ስለዚህ «ለልብህ ጊዜ ፈልግ» ከማለታችን በፊት ማን እንደያዘበት ብንጠይቅ ይሻላል።

ስለ ማርታና ማርያም ስንት ጊዜ ተሰብኳል! (ሉቃስ 10፥38-42) ጌታ ማርያምን ከእግሩ ሥር አላስነሳትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህንኑ ክፍል ሰብኮ የወረደው ወንድም እቤቱ ሲገባ ምሳ እስኪቀርብለት ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ልጆቹን አጥባ፣ አልብሳ፣ አብልታ መጥታ፣ ሕፃን አቅፋ በረንዳ ለበረንዳ ስትመላለስ ስብከቱ አምልጧታል፤ አሁን ደግሞ ወጥ ታሞቃለች። ማርያምን እያደነቅን ማርታን ወጥ ቤት ውስጥ ቆልፈንባታል።

ጌታችን እንዲህ አላደረገም። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት ቁርሱን ያዘጋጀው እርሱ ራሱ ነው። ፍሙም ዓሣውም እንጀራውም ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው (ዮሐንስ 21)። እኛ ጥያቄውን እናስቀድማለን፤ ቁርሱን ጨርሶ እንረሳዋለን።

ማርቆስ 6ም ያው ነው። ከሰው ብዛት የተነሣ ደቀ መዛሙርቱ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጡ። ጌታ «ማልዳችሁ ብትነሡ ኖሮ» አላላቸውም፤ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ይዟቸው ሄደ። «ሕዝቡ ግን ተከትሏቸው መጣ፤ ጌታም አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ አበላቸው፤ አገልግሎት መቼ ይቆማል?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ታዲያ ቁጥር 45ን ደግሞ እናንብብ፦ ደቀ መዛሙርቱን ግድ ብሎ በታንኳ አሳፈራቸው፤ ሕዝቡን የማሰናበቱን ሥራ ግን ለራሱ አስቀረ። ከዚያ በኋላ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ከእኛ መሪዎች ስንቶቻችን ነን «እናንተ ሂዱ፣ ወንበሩን እኔ እሰበስባለሁ» የምንለው?

ከሁሉ የሚከብደኝ የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። ዐርብ አዳር ጸልየን «ልባችን ታደሰ» እያልን ስንመለስ፣ ልጆቹን ስትጠብቅ ያደረችው ልጅ ቁርስ ታቀርብልናለች። የእርሷ ልብ መቼ ይታደስ? በዘዳግም 5፥14 ሰንበት የታዘዘበት ምክንያት በግልጽ ተጽፏል፤ ወንዱም ሴቷም አገልጋይ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው። በሌላ ሰው ድካም የተገዛ የጽሞና ጊዜ ለእግዚአብሔር ምን ያህል እንደሚጥም እያንዳንዳችን በፊቱ እንመርምረው።

«ፕሮግራም ከቀነስን ቤተ ክርስቲያን ትቀዘቅዛለች» የሚሉ ወገኖች አሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ያስታውሱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። አዳራሹ ተወረሰ፤ ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተደብቀው ቃሉን አጠኑ፣ ጸለዩ። መንግሥት ተለውጦ በይፋ ስትከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ስደትን የሚናፍቅ ልብ የለኝም፤ ብዙዎች ታስረዋል፣ ተንገላተዋል። ዕድገቱም የጌታ ሥራ ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት መድረክም፣ ድምፅ ማጉያም፣ የሳምንቱን ቀናት ሁሉ የሚሞላ መርሐ ግብርም አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሞተችም።

(ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ሩጫችንን አይታችሁ ወንጌል ይህ ነው እንዳትሉ። እርሱ የጠራው የደከሙትንና ሸክማቸው የከበደባቸውን ነው፤ የጠራቸውም ሊያሳርፋቸው ነው።)

እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ከሳምንቱ አንድ ምሽት ዝጉ። በምትኩ ሌላ ነገር አታስገቡበት። የመዘምራን መሪዎች፣ ልምምዱን በአንድ ሰዓት አሳጥሩ፤ ሁለተኛው ድምፅ ትንሽ ቢስት ጌታ አይከፋም። አንተ ባል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዘህ ውጣ፤ ስትመለስም «ምን አነበብሽ?» ብለህ አትመርምራት። ተኝታ ከሆነም ተኝታለች፤ ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ ሥር ሁለት ጊዜ ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ በልቶ ነው ወደ ኮሬብ የሄደው። እመቤቶችም ለሠራተኛችሁ ሙሉ የዕረፍት ቀን ስጧት፤ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ከእናንተ የተለየ ቢሆንም ትሂድ። ያን ቀን ልጆቹን ማን እንደሚይዝና እንጀራውን ማን እንደሚጋግር ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።