ፓምፑን ለማጥፋት ኢንተርኔት መጠበቅ የለብንም

ውሃ በፈረቃ በሚደርሳቸው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ «ስማርት» የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ የሚያስገጥሙ ኮሚቴዎች አሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ከምድር ወደ ጣሪያው ሮቶ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ራሱ ያስነሳል፣ ራሱ ያጠፋል፤ ምን ያህል ውሃ እንደቀረም በስልክ ያሳያል። ሌሊት ተነስቶ ጄሪካን የሚደረድር የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቀዋል። እኔ ፕሮግራም በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በሕንፃችን የቴክኒክ ጉዳይ ሲነሳ ኮሚቴው ወደ እኔ ይመጣል። ከእነዚህ መሣሪያዎች የአንዱን ኮድ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

መሣሪያው የተገጠመው በጎረቤታችን ባለው ብሎክ ነው። አንድ ሌሊት ውሃ መጣ፤ ፓምፑ ተነሳ፤ የጣሪያው ሮቶ ሞላ፤ ፓምፑ ግን አልቆመም። ውሃው በደረጃው እየወረደ የሰው ቤት ገባ፤ ምንጣፍና ፍራሽ አበላሸ። ጥበቃው ጩኸት ሰምቶ ብሬከሩን እስኪያወርድ ድረስ ከግድብና ከጉድጓድ ተስቦ፣ ተጣርቶና ተከፍሎበት የመጣ ውሃ በከንቱ ፈሰሰ። ሻጩ ሲጠየቅ «ኔትወርክ ነው» አለ።

ኔትወርክ ከፓምፕ ጋር ምን አገናኘው? ኮዱን ሳየው መልሱን አገኘሁት። መሣሪያው የውሃውን ከፍታ በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ ልኬቱን ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይልካል፤ ከዚያ የሰርቨሩ መልስ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ፓምፑ ይጥፋ አይጥፋ የሚለውን የሚያየው መልሱ ከደረሰው በኋላ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ርቀት ወርዶ ለመመለስ 6 ሚሊ ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። ሮቶው መሙላቱ በዚያች ቅጽበት ሊታወቅ እየቻለ፣ ፓምፑ የሰርቨር መልስ እየጠበቀ ውሃ ሲያፈስ አደረ። ኮዱን የጻፈው ሰው ፕሮግራም አያውቅም አልልም፤ ፓምፕ ግን አያውቅም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተገኘ ቆይቷል። በፓይተን ቋንቋ አሲንክአይኦ የሚባለው ክፍል በ2014 እ.ኤ.አ. ከስሪት 3.4 ጋር መጣ፤ በዓመቱ ስሪት 3.5 «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጨምሮ አጻጻፉን አቀለለው። ማይክሮፓይተን የተባለው የቋንቋው ታናሽ ወንድም ይህንኑ አሠራር ኢኤስፒ32ን በመሳሰሉ ትንንሽ ቺፖች ላይ ያስኬዳል። አንዱ ሥራ መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ሌሎቹ ይቀጥላሉ ማለት ነው። ጥበቃችን ሮቶው እስኪሞላ ፓምፑ ሥር ተቀምጦ ቢያፈጥ በሩን የሚከፍት አይኖርም፤ በሩ ላይ ሆኖ ጆሮውን ወደ ፓምፑ ቢያደርግ ግን ሁለቱንም ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ለሙያ አጋሮቼ የምለው አለኝ። ኮዱ ውስጥ «አሲንክ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሥራ በፈቃዱ ለሌላው ተራ መልቀቅ አለበት። አንዱ ተራውን ይዞ ከቀረ ሁሉም ይቆማል። በማይክሮፓይተን ብዙ ሰው ወደ ሰርቨር መረጃ ለመላክ የሚጠቀምበት የተለመደ ላይብረሪ ደግሞ መልስ እስኪያገኝ ተራ አይለቅም። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ዘመናዊ የሚመስል ኮድ በውስጡ ያው የድሮውን ቁሞ መጠበቅ ይዞ ሊሸጥ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥበቃ የጊዜ ገደብ ይሰጠው፤ ፕሮግራሙ ከነአካቴው ቢደርቅ ቺፑን መልሶ የሚያስነሳው የውስጥ ሰዓትም ይብራ። ሁለቱም ቺፑ ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁም።

ማዘዝና መፈጸምም ይለያያሉ። «ጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ወጥቶ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ የሪሌው፣ ብረት ተጣብቆ ቢቀር ፓምፑ ይቀጥላል፤ ስልኩ ላይ ግን «ጠፍቷል» ተብሎ ይጻፋል። ነዋሪው የሚያምነው ደግሞ ስልኩን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ላይ የፍሰት መለኪያ ይገጠም፤ ኮዱም ካዘዘ በኋላ ፍሰቱ መቆሙን ይይ፤ ካልቆመ ደወል ያሰማ። ይኸው መለኪያ የምድሩ ሮቶ ባዶ ሆኖ ፓምፑ በደረቁ ሲዞርም ያሳውቃል፤ በደረቁ የዞረ ፓምፕ ይቃጠልና መልሶ የነዋሪውን መዋጮ ይጠይቃል። ከውሃው ጋር አብሮ የሚነሳውን ተራ ተንሳፋፊ ማጥፊያም ማንም እንዳይነቅለው እለምናለሁ። ኮድ ምንም ጥሩ ቢሆን ብቻውን መቆም የለበትም።

ሻጮች ሰርቨሩ ያስፈለገው ሰው ከሩቅ ሆኖ እንዲያይ ነው ይላሉ። ማየቱን አልቃወምም፤ ውሳኔው ግን ሕንፃው ውስጥ ይቅር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሬቮልቭ የተባለው 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ የቤት መቆጣጠሪያ ባለቤቱ ኩባንያ ሰርቨሩን ሲዘጋ ሥራውን አቆመ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢንስቲዮን የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሻጭ ሰርቨሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው ደንበኞቹ ቤታቸውን በስልክ ማዘዝ አቃታቸው። ይህ የሆነው መብራትና ኢንተርኔት እንደኛ በማይቆራረጥበት በአሜሪካ ነው። እኛ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶብን ያየን ሰዎች ነን። ከሩቅ ለማየትም ቢሆን በፓይተን የተጻፈውና በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሆም አሲስታንት የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በሕንፃው ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ የማንንም ኩባንያ ሰርቨር የግድ አይጠይቅም።

የኮሚቴ አባላት፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ባለበት ፓምፑን አስነሱና ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ራሱ ካልቆመ ዕቃውን አትግዙ።