ያቁት፦ የድንጋይም የሰውም ስም



በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ከክፍል ወደ ኋላ ቀርቶ «ኡስታዝ፣ ስሜን ብለውጥ አባቴን ማስቀየም ይሆንብኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ስሙ ያቁት ነው። ጓደኞቹ «የባሪያ ስም» እያሉ አሳቀውታል። የዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ቃል ይሆናል።

ያቁት የከበረ ድንጋይ ስም ነው። በቅዱስ ቁርኣን አንድ ጊዜ፣ በሱረቱ አር-ራሕማን አንቀጽ 58፣ ከመርጃን ጋር ተወስቶ የጀነት ሴቶች ውበት ተመስሎበታል። የቃሉ ሥር «ሂያኪንቶስ» የሚለው ግሪክኛ ነው፤ ግሪኮች አበባንም ድንጋይንም በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በጥንቱ የሶርያ ቋንቋ በኩል አልፎ ወደ ዐረብኛ ገባ። በአገራችን የግዕዝ መጻሕፍት የምናገኘው «ያክንት»ም የዚሁ ቃል ወንድም ነው።

ብዙዎቻችን ያቁት ሲባል ቀዩን ብቻ እናስባለን። የቀድሞ ሙስሊም ሊቃውንት ግን ቢጫውንና ሰማያዊውንም ያቁት ይሉ ነበር። በ11ኛው ምዕተ ዓመት አል-ቢሩኒ የከበሩ ድንጋዮችን እየመዘነ በክብደታቸው ለይቷቸዋል። የዛሬው ሳይንስም ቀዩና ሰማያዊው አንድ ማዕድን እንደሆኑ፣ ቀለማቸውን የሚለያየው በውስጣቸው ያለ እጅግ ጥቂት ባዕድ ነገር እንደሆነ ይናገራል።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ጓደኞቹ ያሉት ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በዚያ ዘመን ጌቶች ባሪያዎቻቸውን ያቁት፣ ሉእሉእ፣ ጀውሀር፣ ካፉር እያሉ በዕንቁና በሽቶ ስም ይጠሯቸው ነበር። ታዲያ በዚህ ስም የተጠሩት እነማን ነበሩ?

አንዱ ያቁት አል-ሐመዊ ነው። ከሮም ምድር ተማርኮ በልጅነቱ ባግዳድ ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ። ጌታው ለንግዱ እንዲረዳው አስተማረው፤ በኋላም ነጻ ወጣ። በመርው ከተማ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ አነበበ፤ የአገሮችን ስምና ታሪክ በፊደል ተራ የያዘውን «ሙዕጀሙል ቡልዳን» ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1229 ሐለብ ውስጥ አረፈ። መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል።

ሌላው የእኛው ሐበሻ ጀማሉዲን ያቁት ነው። በዴልሂ በሱልጣና ረዲያ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ ሆኖ ተሾመ። መኳንንቱ ሹመቱን ስላልወደዱት እ.ኤ.አ. በ1240 ባመፁ ጊዜ ተገደለ።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። በዚህ ስም የሚያፍርበት ነገር ካለ፣ ሰውን እንደ ዕቃ የሸጠውና የገዛው ይፈርበት፤ የተሸጠው ልጅ ምን አጠፋ? ስሙን መለወጥ ወይም ማቆየት የእርሱና የአባቱ ጉዳይ ነው። ለጓደኞቹ ግን ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11ን እንዲያነቡ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰውን በመጥፎ ስም መጥራት እዚያ ተከልክሏል። እናንተም ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ስም ስታወጡ ታሪኩን አብራችሁ ንገሯቸው። ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ በስሙ ሲቀለድበት መልስ አያጣም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።