ፀሐይ የሚሠራው ማሽን ሁምቦ አለላችሁ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በፀሐይ ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚለቅም ማሽን አይታችኋል? ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሁምቦ ላይ በመስኮት ተመልከቱ። ቅጠል ይባላል።

ተራራው በከሰልና በግጦሽ ተራቁቶ ነበር፤ ሥሩ ግን አልሞተም። ገበሬዎቹ 2,728 ሄክታር ከለሉ፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠውን እየገረዙ አሳደጉ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ተመዘገበ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ የዓለም ባንክም ከፊሉን ሊገዛ ተዋዋለ። ለዓመት ሲካፈል 29,000 ቶን ግድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አይስላንድ ውስጥ ለተከፈተው ኦርካ የታቀደው በዓመት 4,000 ቶን ነበር።

ማሽኑን እየናቅሁ አይደለም። እሱ የያዘው ከመሬት በታች ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ዛፍ ግን ከነደደ ካርቦኑ ተመልሶ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ጠባቂው ነው። ግጦሹንና ከሰሉን የተወ ገበሬ ጥቅሙ ቢቋረጥበትና መጥረቢያውን ቢያነሳ፣ ማን ይፈርድበታል? ከሰሉንስ የሚገዛው ማን ሆነና? እኛው ከተሜዎቹ፣ ቡና የምናፈላበት!

ማሽን ከመመኘታችን በፊት ለጠባቂው ይከፈለው።